ገደሉ ድልድይ አገኘ፤ ሜዳውስ?
ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ዋና ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፦

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በመኪና የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓባይ በረሃ ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ቁልቁለቱን ከጀመረ ደጀን ላይ ብቅ እስኪል ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሹፌሩ ዘፈኑን ይዘጋል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ረዳቱ እንኳ ወሬ ያቆማል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከበረሃው ወበቅ ጋር በመስኮት ይገባል። ተሳፋሪው በልቡ ስለቱን ይሳላል። ደጀን ደርሶ ሻይ ሲቀዳለት ግን ሁሉም ጀግና ነው።

እኔ የምጽፍልዎ ስለ በረሃው አይደለም፤ ስለ ፎገራ ሜዳ ነው።

መንገዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘንዘልማና በሐሙሲት አድርጎ ጉማራን ይሻገራል፤ ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይወርዳል። ሌላው ርብን ተሻግሮ በይፋግና በአዲስ ዘመን ጎንደር ይገባል፤ ከዚያም መተማ። ካይሮን ከኬፕታውን ያገናኛል የተባለው ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አውራ ጎዳና አገራችንን የሚያቋርጠው በዚሁ በጎንደር በኩል ነው። ሹፌሩ በረሃው ላይ የዘጋውን ዘፈን መልሶ የሚከፍተው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንዱ መስኮት ላይ ይሆናል።

አንድ ምሽት ከጎንደር ስመለስ ወረታ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ከፊታችን አስፋልቱ ጠቆረ። ላሞች ናቸው። የቀኑ ሙቀት ከአስፋልቱ ገና አልወጣም፤ እነሱም ተኝተውበት ያመሰኳሉ። አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ ዱላውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መሐል መንገድ ቆሟል። ሹፌራችን ፍሬኑን ሲረግጥ ጣሪያ ላይ ከተጫነው ሽንኩርት አንዱ ጆንያ ተፈትቶ በፊት መስታወቱ ላይ ተዘረገፈ። ማንም አልተጎዳም። ልጁ ላሞቹን በጀርባቸው እየነካ አስነሣ፤ ሹፌሩ ወርዶ ሽንኩርቱን ለቀመ። ተመልሶ ሲቀመጥ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በረሃ ላይ አንቀላፍቼ አላውቅም። እዚህ ግን ስንቴ እንዳንቀላፋሁ እግዜር ይወቀው» አለኝ።

በልጁ መፍረድ አይቻልም። የፎገራ ከብት ውሃ የለመደ ዘር ነው፤ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ይግጣል። ነገር ግን በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ከገባ ወዲህ፣ ትናንት ግጦሽ የነበረው ዛሬ ማሳ ነው። ገበሬው ተጠቀመ፤ ማንም አይከፋውም። ከብቱ ግን የት ይሂድ? በክረምት ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሲሆን ደረቅ ሆኖ የሚቀረው የእናንተ መንገድ ብቻ ነው። አህያው፣ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ደርድራ የተቀመጠችው ሴት፣ ሁሉም እሱ ላይ ይወጣሉ። ሲኖትራኩም እሱ ላይ ነው።

ስለ ውሃው ጥቂት ልጨምር፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ውሃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ጉማራና ርብ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የሚገቡበት ጣና 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተራራው እየተንደረደሩ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ፣ የተሸከሙትን ደለል ያራግፋሉ፣ ወለላቸው ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ጉና ላይ የዘነበው ጣና ለመግባት የግድ ከዚህ መንገድ ሥር ማለፍ አለበት። ማለፊያው ከጠበበ መንገድ የተባለው ነገር ግድብ ሆነ ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች በጎርፍ ሲጥለቀለቁ የተፈናቀለው ሰው ውሃ ከየት መጥቶ የት እንደሚተኛ ያውቃል። ቢጠይቁት ቦታውን በጣቱ ያሳይዎታል።

ሥራችሁን ማሳነሴ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ በረሃው ላይ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ የስንቱን ልብ አሳርፏል። እኛም ከተማ በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፍቷል። ማታ ማታ የባሕር ዳር ወጣት ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው፤ እኔም ተነሥቻለሁ። ገደልን ማሸነፍ ድሮም ያስደንቀናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መድፋቸውን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ያን ሁሉ ተራራና ሸለቆ እየጠረቡ መንገድ ማውጣታቸውን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከወረታ ወልድያ ያለውን መንገድ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ እንዴት ከገደል ላይ እንዳሳለፉት የጋይንት ሽማግሌ እስከ ዛሬ ይተርካል። ሜዳ ላይ ውሃ ስላሳለፈ መሐንዲስ የሚተርክ ሰው ግን አልገጠመኝም። ሪባን የሚቆረጥለት ቱቦስ የት አለ?

ክልላችን ባለበት የጸጥታ ሁኔታ መሐንዲስና ማሽን ማሰማራት እንደማይቀል አውቃለሁ። መንገዱ ራሱ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ቀን አለ። ስለዚህ አዲስ መንገድ አልጠይቅዎትም። ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ያለው የመንገድ ትከሻ ሰፍቶ ጋሪና አህያ የሚሄድበት ይሁን። ከብት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በታች በኩል የሚሻገርባቸው ጥቂት ማለፊያዎች ይሠሩ፤ በክረምት ውሃ፣ በበጋ ከብት ያሳልፋሉና ወጪው ለሁለት ነው። የጉማራና የርብ ድልድዮች ሥር የተከማቸው ደለል ከክረምት በፊት ይለካ፣ ይጠረግ። ሽንኩርት ሻጮቹን በደንብ አስከባሪ ከማባረር ደግሞ መኪና ከመንገድ ወጥቶ የሚቆምበት ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ቢበጅላቸው ይሻላል። ማንም ሹፌር ቀይ ሽንኩርት ሳይገዛ ፎገራን አያልፍም፤ እኔም አላልፍም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጊዜ ይምጡ። በአውሮፕላን ባሕር ዳር አርፈው፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ያለ አጃቢ መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው እስከ ይፋግ ይሂዱ። ጉማራ ላይ ይውረዱና ከድልድዩ በላይና በታች ያለውን ውሃ ዐይተው ያነጻጽሩ። ቦቲ ጫማ ይያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር