ክሪገርን ማን ጠየቀው?

«የ1977ቱን ፊልም ሳታዪ ስለ ‹አንዶር› አፍሽን አትክፈቺ» ተብያለሁ። ያሉኝ ልጆች፣ በመዘምራን ልምምድ እረፍት ላይ፣ ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ መልሴን እዚሁ ልስጣቸው።

እውነት ነው፣ ከ«ስታር ዋርስ» ያየሁት ይህንኑ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ አሥራ ሁለቱን ክፍል። በ2016ቱ «ሮግ ዋን» ያለው ካሲያን አንዶር እንዴት ታጋይ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ይተርካል። የሚያበራ ሰይፍ የለበትም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ማጥናትም አላስፈለገኝም።

ወድጄዋለሁ። በተለይ የናርኪና 5 እስር ቤት ከአእምሮዬ አልወጣም። በአንድ ክፍል ሰባት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ሰባት እስረኛ፤ ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ወለሉ ኤሌክትሪክ ነው። በሥራ የበለጠው ጠረጴዛ ምግቡ ጣዕም ይጨመርለታል፣ ወደ ኋላ የቀረው በኤሌክትሪክ ይቀጣል። ኪኖ ሎይ ራሱ እስረኛ ሆኖ ሌሎቹን የሚያሠራ አለቃ ነው፤ የቀሩትን ቀኖች እየቆጠረ አንገቱን ደፍቷል። ከዚያ ማንም እንደማይፈታ ይሰማል። ሁሉንም አስነሥቶ እስከ ውኃው ጫፍ ያደርሳቸዋል፤ እሱ ግን ዋና አይችልም።

እናንተ ግን የምታደንቁት ኪኖን ሳይሆን ሉተን ሬልን ነው። ስለ ከፈለው ዋጋ የተናገረውን በቃላችሁ ይዛችሁታል። «ለአዋቂ የሚሆን ስታር ዋርስ» የምትሉትም በእሱ ምክንያት ነው። ሉተን እኮ አንቶ ክሪገርና ሰዎቹ ወጥመድ ውስጥ እየገቡ መሆኑን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው፤ በጠላት ቤት ያስቀመጠው ሰላዩ እንዳይነቃበት። የራሱን ኪሳራ አሳምሮ ይዘረዝራል። ክሪገርን ማን ጠየቀው? በሌላ ሰው ሕይወት መክፈልን ብስለት የምንለው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ፊልሙንም ቢሆን ነጻ አላወጣውም። በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ጥበቃዎች ካሲያንን ገንዘብ ሊቀሙት ይመጣሉ። አንዱ በግብግቡ ይሞታል፤ ሁለተኛውን ተንበርክኮ እየለመነው ይገድለዋል። አለቃቸው ነገሩን አድበስብሶ ሊዘጋው ይፈልጋል። ስለ ሟቾቹ አጥብቆ የሚጠይቀው ሲሪል ካርን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ደራሲዎቹ እንድንስቅበት አድርገው ሠርተውታል፣ ልብሱን እንኳ በልኩ የሚያሰፋ ግብዝ! እኔም ስቄበታለሁ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ሳቁ አላማረኝም። ትክክለኛውን ጥያቄ ለመሳቂያው ሰው ብቻ መስጠት ተመልካቹ ጥያቄውን እንዲንቀው ማድረግ ነው።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ቅዳሜ ዳታ ገዝቼ እጀምራለሁ። የ1977ቱንም አምጡልኝ፣ አያለሁ። እስከዚያው ግን ስለ ክሪገር መልሳችሁን እጠብቃለሁ።