እጀታው ለእጅ ነው ወይስ ለዓይን?

ያስቸገረኝ የደብዳቤያችሁ ብዛት ብቻ ነው። ይብዛ እንጂ አይነስ! የኩርፊያውን፣ የቅናቱን፣ የአማትና የምራቱን ጣጣ ለምጄዋለሁ። የዚህ ሳምንቱ ግን ለየት ይላል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ አስመርጠኝ የምትል ልጅ መጣችላችሁ!

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ሳቄ ቀጥ አለ። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ የልጅቷን ቃል አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። እጮኛዬ ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። እረፍት ባገኘ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር ላንጋኖ ይወርዳል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ በትርፍ ጊዜው የማጥመጃ ዘንግ በእጁ ይሠራል። ለሠርጋችን አንድ ሊሠራልን ቃል ገብቶልኛል። ‹እጀታውን ቡሽ ላድርገው ወይስ ስፖንጅ? ቀለሙስ ምን ይሁን?› ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ጓደኞቼ ቀይና ነጭ አድርጊው፣ የፍቅር ቀለም ነው ይሉኛል። እኔ ሮዝ አምሮኛል። አጎቴ ደግሞ የልጁን የእጅ መጠን ላኪልኝ እያለ አስጨነቀኝ። እሱን ከጠየቅሁት ሰርፕራይዙ ተበላሸ ማለት ነው። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ የቀለም ጥያቄ መስሎሻል። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺው መስሎኝ ነበር። ጉዴን ልንገርሽና ከዚያ ወደ ቀለሙ እንሄዳለን።

ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። እዚያ አገር አንዳንድ ሰው ዘንጉን ከሱቅ ያለቀለት አይገዛም። ባዶውን የካርቦን ወይም የፋይበርግላስ ዘንግ ይገዛና እጀታውን፣ የክር ማጠንጠኛው የሚቀመጥበትን ቦታና ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ራሱ ይገጥማል። ቀለበቶቹን በቀጭን ክር እየጠመጠመ ያስራቸውና በላዩ ኢፖክሲ ይቀባል። ወንድሜ ይህን ከሥራ ባልደረባው ተምሮ ሱስ ሆነበት። የዛሬ ሦስት ዓመት ደወለና «ለአባዬ አንድ ልሠራለት ነው፤ እጀታውን አንተ ምረጥ» አለኝ።

አባዬ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ሐዋሳ ነው ያለው። ድሮ ከሥራ ሲመለስ መንጠቆና ክር ይዞ ሐይቁ ዳር ካልተቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። እኔ ታዲያ የመረጥሁት ምን መሰላችሁ? ቀጭን፣ ጠንካራ ስፖንጅ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ! በፎቶ ላይ እንዴት ያምር እንደነበር! አገር ወዳድ ልጅ መስዬ ኮራሁ።

ዘንጉ በሰው ሻንጣ መጣ። አባዬ አገላብጦ አየውና «ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ከዚያ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከሠርግ ፎቶው ጎን ሰቀለው። እንደተሰቀለም ዓመት አለፈው። እኔ ደግሞ በሄድሁ ቁጥር «ምነው አባዬ፣ አታጠምድበትም እንዴ?» እላለሁ። እሱም «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» ይለኛል።

በኋላ እማዬ ናት ጓዳ ውስጥ ያወጣችው። «ልጄ፣ አባትህ እኮ ቀኝ እጁ አይጨበጥለትም። ቁርጥማቱ ጣቶቹን ይዞታል። የቡና ስኒ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚያነሣው። አንድ ቀን ይዞት ወርዶ ከእጁ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባበት። የጎረቤት ልጅ ነው ያወጣለት። እናንተ እንዳታዝኑ ብሎ ነው የሰቀለው» አለችኝ።

እኔ እንግዲህ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬው ማዕድ የምቀርብ ልጅ ነኝ። ሦስቱን ቀለም ሳማርጥ ማታ ማታ ስቀመጥ አንድም ቀን እጁን አላየሁም! ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄን ያቆመው ይሄ ነው። አጎትሽ ከቀለሙ በፊት የእጁን መጠን የጠየቀሽ ወዶ አይደለም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በመጀመሪያ ከምን ይሠራ?

ቡሽ ያው የምታውቂው የጠርሙስ ቡሽ ነው። የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ዛፉ አይቆረጥም፣ ቅርፊቱ ብቻ በየዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ይላጣል። አብዛኛው ከፖርቱጋል ነው የሚመጣው። ቀላል ነው፣ እጅ ላይ ይሞቃል፣ ዓሣው መንጠቆውን ነካ ሲያደርግ ለእጅ ይናገራል። ክፋቱ ጥሩው ውድ ነው። ርካሹ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው በመሙያ ይደፈናል፤ መሙያው ሲረግፍ እጀታው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል።

ሁለተኛው ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፣ የሩጫ ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ይሄ ግን ውስጡ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች የተዘጉ ስለሆኑ አይጠጣም። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በየቀለሙ ይገኛል፣ በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ እንደፈለጉት ይቀረጻል። ጠጠር ያለና ለስለስ ያለ ዓይነት አለው። ለስላሳው ለሚያመው እጅ ይመቻል፤ ግን ቶሎ ይሰረጉዳል፣ የዓሣውንም ንክሻ ትንሽ ያፍነዋል። ጠጣሩ ረጅም ጊዜ ቅርጹን ይይዛል።

ሦስተኛው ሃይፓሎን የሚሉት ነው። ጎማ ጎማ ይላል፣ ከኢቪኤ ይከብዳል፣ ግን ብርቱ ነው። ለባሕርና ለጀልባ ዘንግ ነው የሚመረጠው። ባብዛኛው ጥቁር ነው፤ በብርጭቆ ወረቀትም እንደ ኢቪኤ በቀላሉ አይቀረጽም። ስሙ የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በ2010 እ.ኤ.አ. ምርቱን ቢያቆምም ስሙ በእጀታ ገበያ ላይ ቀርቷል።

ላንጋኖ ዳር ቆሞ ቆሮሶና አምባዛ ለሚያጠምድ ልጅ ኢቪኤ ይበቃዋል። ጠጠር ያለውን አስደርጊለት።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱና ርዝመቱ። እጀታ ሲጨበጥ የመሃል ጣት ጫፍ የአውራ ጣትን ሥር ነካ ካደረገ ልክ ነው። ጥፍር መዳፍ ውስጥ ከገባ ቀጥኗል። ጣቶቹ ርቀው ከቀሩ ወፍሯል፤ እንደ አባዬ ጣቱ ለማይታጠፍለት ሰው ካልሆነ በስተቀር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ወፈር ማለቱ ነው የሚያሳርፈው፣ አጥብቆ መጨበጥ አያስፈልገውምና። የኋላው እጀታ ርዝመት ደግሞ በክንድ ነው የሚለካው። ማጠንጠኛው ያለበትን ቦታ ሲይዝ የዘንጉ ጫፍ ክርኑ ጋ ወይም ክርኑን ትንሽ አለፍ ብሎ ቢደርስ ጥሩ ነው።

እንዴት ትለኪው? ኧረ እህቴ፣ እጮኛሽ አይደለም እንዴ? እጁን ያዢው! መዳፍሽን ከመዳፉ ጋር ግጠሚና ጣቱ ካንቺ በስንት እንደሚበልጥ ልብ በይ። ቤት ገብተሽ በልብስ ሰፊ ሜትር የራስሽን ለኪና ልዩነቱን ደምሪ። እሱ ፍቅር መስሎት ደስ ይለዋል፤ ደግሞም ፍቅር ነው። ክንዱን ከሸሚዙ እጅጌ ላይ ታገኚዋለሽ። አሮጌ ዘንጉንም እሱ በሌለበት አንሺና እጀታውን በክር ዙሪያውን ለኪው። ከሁሉም ከሁሉም ግን በጨዋታ መሃል «ያ ዘንግህ ምኑ ነው የሚያስጠላህ?» ብለሽ ጠይቂው። ወንድ ልጅ ስለ ዕቃው ሲጠየቅ አፉ አይዘጋም። እሱ ሲያወራ አንቺ ጻፊ።

ሦስተኛ፣ ቀለም። እዚህ ላይ ደርሰናል፣ አይዞሽ።

ሙሉ ነጭ ወይም ሙሉ ሮዝ የዓሣ ደምና ልጋግ የነካው ዕለት ታዝኚበታለሽ። ሙሉ ጥቁር እድፍ ይደብቃል፤ ግን ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ከቆየ እጅ ያቃጥላል። ደማቅ ቀለም ደግሞ ፀሐይ ሲመታው እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናውን አካል ጠቆር ያለ ግራጫ አስደርጊውና የምትወጂውን ቀለም ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት በቀጭኑ አስገቢው። የቀለበቶቹ ብዛት ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል። የተለያየ ቀለም ያለው ስፖንጅ ጥንካሬው አንድ ላይሆን ይችላል፤ አብሮ ሲፋቅ አንዱ ይጎደጉዳል፣ አንዱ ጉብ ይላል። ዓይን ባያየውም እጅ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር። ከእጀታው ጋር የሚመሳሰል የክር ቀለም ካማረሽ ደረቁን ክር አይተሽ አትወስኚ። ኢፖክሲ ሲቀባ ክሩ ይጠቁራል፤ መጀመሪያ ቀለም የሚጠብቅ ቅባት ካልተቀባ ሮዝሽ ሌላ ቀለም ሆኖ ይመጣል። አጎትሽን በትርፍ እንጨት ላይ ሞክሮ ፎቶውን ይላክልሽ።

«ካልተመቸው በኋላ ይቀየራል» እንዳትይኝ። የኋላው እጀታ በታች በኩል ስለሚገባ ይቀየራል። የፊተኛው ግን ቀለበቶቹ በሙሉ ካልተፈቱ አያልፍም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኛም ያየነው ይሄንኑ ነው። ለወንድሜ ስነግረው ስልኩ ላይ ብዙ ዝም አለ። «እጁን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ» አለ። ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ ወፍራምና ለስላሳ ጥቁር ኢቪኤ ሻንጣው ውስጥ ይዞ መጣ። የእኔን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በምላጭ ቀድዶ አነሣው፤ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቆጭቶኛል። አዲሱን አባዬን አጠገቡ አስቀምጦ እያስጨበጠው፣ «በቃ? ትንሽ ልፋቀው?» እያለ ነው ልክ ያደረሰው። የፊተኛውን አልነካውም፣ ግራ እጁ ደህና ነውና።

በማግስቱ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሦስታችን ተቀመጥን። አባዬ እስኪመሽ ዘንጉን ከእጁ አላወረደም። የያዘው አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ብቻ ነው። እቤት ስንገባ እጀታውን አገላብጦ አየና «መያዙስ ደህና ይያዛል። ቀለሙ ግን ምነው፣ የሐዘን ልብስ መሰለ?» አለን።

ይኸው ነው እንግዲህ። ዘንድሮ «ያምራል» አላለም፣ ግድግዳውም ላይ አልሰቀለውም።

እህቴ፣ ሮዝሽን አልከለከልሁሽም፣ በቀጭኑ አድርጊው። ስጦታ ልትሰጪው ስትነሺ ግን መጀመሪያ እጁን እይ። ይሄ ለዘንግ ብቻ አይመስለኝም፤ ነገ ጎጆ ስትወጡም ይጠቅምሻል። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ያባታችሁን እጅ አንዴ ልብ ብላችሁ እዩት።

ሠርግሽ የሰመረ ይሁን። የጥሪ ወረቀት እንዳትረሺኝ! ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።