ልጆችን ይዞ በሐይቅ አጠገብ ስለ መሰንበት

ዓመቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤትና በችሎት ሲደክም የከረመ ሰው፤ ልጆቹ ከትምህርት ዕረፍት ባገኙ ጊዜ ጥቂት ቀን ከከተማ ወጥቶ አየር መለወጡ ለጤናም ለቤተ ሰብ ፍቅርም የሚጠቅም መሆኑን ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ሳይመከርበት የተነሡበት ጉዞ ገንዘብን ጨርሶ፤ ልጅን አሳምሞ፤ ባልና ሚስትን አኳርፎ ይመልሳል። ስለዚህ በአርባ ምንጭ፤ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አቅራቢያ ቤት ተከራይተው ለመሰንበት የሚያስቡ የቤት አባትና የቤት እመቤት አስቀድመው ሊመካከሩበት የሚገባቸውን ዛሬ እንጽፋለን።

አርባ ምንጭ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟንም ያገኘችው ከከተማዪቱ በታች በደኑ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከሁለቱ ሐይቆች ትልቁ አባያ ነው፤ ከተራራ ታጥቦ በሚገባበት አፈር ምክንያት ውኃው ቀላ ያለ ነው። ቦተጎ የተባለው የኢጣልያ ተጓዥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1896 በደረሰበት ጊዜ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዳሩ ግን አባያ የሚለው ስም ጸንቶ ቀረ። ጫሞ በስተ ደቡብ ነው። ሁለቱን የሚለየው ኮረብታማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል፤ ከዚያም ማዶ የሜዳ አህያ የሚሰማራበት የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የቤቱ ሥፍራ ነው። ሐይቅ ዳር ሲባል ብዙ ሰው ከደጃፉ ወጥቶ እግሩን ውኃ ውስጥ የሚነክር ይመስለዋል። በአርባ ምንጭ ግን ሐይቆቹ አምረው የሚታዩት ከላይኛው ከተማ ከሼቻ፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከውኃው መራቁም ጕድለት ሳይሆን በረከት ነው፤ በሁለቱም ሐይቆች አዞ አለና። በጫሞ ዳር አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበትን ሥፍራ ሰዎች የአዞ ገበያ ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል። ጉማሬም ቀን በውኃ ውሎ፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ስለዚህ ልጆቹ ዋና የሚናፍቁ እንደ ሆነ፤ አርባ ምንጭ ደርሶ ሲቈጧቸው ከመዋል፤ ገንዘብ ሳይሰጥ ገና ሐሳብን ወደ ላንጋኖ መለወጥ ይሻላል። አዞውን ማየት የሚሹ ግን መንገድ ከሚያውቅ ባለ ጀልባ ጋራ ይሂዱ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሳይቀርብ ማንም አይሳፈር፤ እጁንም ወደ ውኃ የሚዘረጋ አይኑር።

ሁለተኛው ነገር ወባ ነው። ከተማዪቱ በ1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ስለ ሆነች፤ የደጋ ልጅ ያለ አጎበር ሊያድርባት አይገባም። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆችን ረዥም እጅጌ ማልበስ፤ ለነፍሰ ጡርም አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ከተመለሱም በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢነሣ ብርድ ነው ብሎ ሳያሳንሱ ደም ማስመርመርና የት እንደ ሰነበቱ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ሦስተኛው ውል ነው። እኛ በሥራችን እንደምናየው፤ ብዙ የኪራይ ክርክር የሚነሣው ከሰዎች ክፋት ሳይሆን የተነጋገሩትን ካለመጻፍ ነው። የመግቢያውና የመውጫው ቀን፤ የአልጋውና የአጎበሩ ቍጥር፤ የውኃውና የመብራቱ ነገር፤ ጾም ከሆነም የጾም ምግብ መኖሩ በወረቀት ይስፈር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢተው ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀኑን ሳይቈርጥ ቀብድ አይሰጥም። ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት ስለሚበረታ፤ በዓመቱ እኩሌታ የሚሰጠው የትምህርት ዕረፍት ለጉዞው ይመቻል።

አራተኛውን ነገር የቤት አባቶች በተለይ ይስሙልን። ምጣዱንና ድስቱን በመኪና ጭኖ ሚስቱን በሐይቅ ዳር የሚያስጋግር ሰው፤ ወጥ ቤቱን ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ አዛወረው እንጂ ቤተ ሰቡን አላሳረፈም። ስለዚህ ኪራዩ ሲታሰብ የምግቡም ዋጋ አብሮ ይታሰብ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነም ስድስቱ ቀን አራት ይሁንና እመቤቲቱ ከእሳት ትራቅ፤ ዓሣውም ሙዙም በዚያ አገር ሞልቷል። በቤት ውስጥ ያረጁ እናት ካሉም፤ መንገዱ ያደክማቸዋል ብሎ በራስ ፈቃድ ከመወሰን አስቀድሞ እርሳቸውን መጠየቅ ነው፤ ሳይጠየቁ መቅረት ከመንገድ ይልቅ ያደክማልና።

በመጨረሻም ከሚሰነብቱበት ቀን አንዱን ለዶርዜ ያውሉት። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደጋው ላይ ስላለ ጋቢ ያሻል። ቤቱ ከቀርከሃ ተጐንጕኖ የሚሠራ፤ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስል ነው፤ ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ቁመቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ነቅለውም ወደ ሌላ ሥፍራ ተሸክመው ይወስዱታል። እንግዳም ከዚህ ዓይነት ጎጆ ተከራይቶ ማደር ይችላል። ከእንሰት የሚዘጋጀውን ቆጮ ይቀምሷል፤ ሴቶቹ ሲፈትሉ ወንዶቹ ሲሸምኑ ያያሉ። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ሸማ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከዚህ ደጋ የመጡ ናቸው። ቀድሞ በአገራችን የሸማኔውን ኩታ ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ ሰው ብዙ ነበር፤ ልጆቻችን ግን ያ ነጭ ልብስ ከየትኛው እጅ እንደ ወጣ በዓይናቸው አይተው፤ ለሠሪው እጅ ነሥተው ቢመለሱ፤ ከኪራዩ ገንዘብ የሚበልጥ ትርፍ ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

እንግዲህ ጉዞውን የምታስቡ ሁሉ፤ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ምሽት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ፤ ልጆቹንም አስቀምጣችሁ ምከሩበት። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም እንድትመለሱ እንመኛለን።