የሰቆጣ ማር ስምና ከጠርሙሱ ጀርባ የሚጻፈው ማስተባበያ

ክረምቱ ወጥቶ የዋግ ኽምራ ጋራና ሸንተረር አበባ ከለበሰ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ከየቀፎው የሚቆረጠው ነጭ ማር፣ በአገሩ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ከተማም በስሙ የሚጠየቅ መሆኑ ለነጋዴ ወገን የተሰወረ አይደለም። በአዲስ አበባ ወደ ማር መሸጫ የሚገባ ገዢ ብዙ ጊዜ ስለ ንቡም ሆነ ስለ አበባው አይመራመርም፤ «የሰቆጣ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎን» ከተባለ ከሌላው ማር አስበልጦ ይከፍላል። ከዚህም ብልጫ ንብ አናቢውም፣ ሰብሳቢው ነጋዴም፣ ጫኚውም የየድርሻቸውን ያገኛሉ። ስሙ የረከሰ ዕለት ብልጫውም አብሮ ይቀራል።

እንግዲህ ይህን ስም በትልቅ ፊደል በጠርሙስ ላይ አሳትሞ፣ ከጠርሙሱ ጀርባ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ይህ ማር ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰበ ነው» ወይም «ከሰቆጣ አምራቾች ጋር ግንኙነት የለንም» ብሎ የሚጽፍ አሻጊ ቢነሣ፣ ጽሑፉ ከክስ ያድነዋልን? እንዲህ ያለው ጽሑፍ የማስተባበያ ቃል ይባላል። በንግድ ምልክት ክርክር ተከሳሾች የሚከለሉበት የታወቀ ጋሻ ነው። «እኛስ እውነቱን ጽፈናል፤ ገዢው ሳያነብ ቢገዛ ጥፋቱ የማን ነው?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሕግ መጽሐፍ በፊት ከገበያው ነው። ስም በጆሮ የሚሄድ ነገር ሲሆን ማስተባበያ ግን ዓይንንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። ማር ደግሞ ሁልጊዜ በታሸገ ጠርሙስ አይሸጥም፤ ቸርቻሪው ከጀሪካን ወይም ከቆርቆሮ እየቀዳ በኪሎ ይመዝናል፣ ገዢውም ከቤቱ ባመጣው ዕቃ ተቀብሎ ይሄዳል። ጽሑፉ ከቆርቆሮው ጋር ሱቅ ይቀራል፤ ስሙ ግን ከማሩ ጋር ቤት ይገባል። ለሠርግ ጠጅ የሚጣልበት ማር ሲቀርብ ባለቤቲቱ ከየት እንደ መጣ ብትጠይቅ፣ የተላከው ልጅ «የሰቆጣ ነው እማዬ» ይላታል እንጂ «የሰቆጣ ነው፤ ዳሩ ግን ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰበ ነው» አይላትም። ፊደል ያልቆጠረ ገዢም አለ፤ አፉን በኽምጣና ወይም በሌላ ቋንቋ ፈትቶ የአማርኛ ጽሑፍ የሚከብደውም አለ። ለእነዚህ ሰዎች በጀርባ የተጻፈ ማስተባበያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

የአገራችን ሕግም የሚመለከተው ይህንኑ የገዢውን መሳሳት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ደንበኞችን በተወዳዳሪ ነጋዴ ዕቃ ወይም ሥራ ረገድ ሊያሳስት የሚችልን ድርጊት ያልተገባ ውድድር ብሎት ነበር፤ ያ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። ስለ ንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ የተመዘገበ ምልክት ባለቤት፣ ሕዝብን ሊያሳስት የሚችለውን አጠቃቀም እንዲያስቆም መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዳኛው የሚመረምረው ማስተባበያው መጻፉን ብቻ ሳይሆን፣ ከተጻፈም በኋላ ሕዝቡ ይሳሳት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው።

ማስተባበያ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለት ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1924 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኮቲ የተባለውን ሽቶ ገዝቶ በሌላ ጠርሙስ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ የኮቲን ስም እንዲጠቅስ ፈቅዶለታል። ነገር ግን ከኮቲ ጋር ግንኙነት እንደሌለውና ሽቶውን የገለበጠው እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ሁሉንም ፊደል በእኩል መጠንና በአንድ ዓይነት ቀለም መጻፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ያረጁ የቻምፒዮን ካንዴላዎችን አድሰው የሚሸጡ ሰዎች «የታደሰ» ወይም «ያገለገለ» የሚለው ቃል ጎልቶ እስከታየ ድረስ ስሙን እንዳይፍቁ ተፈቀደላቸው። እነዚህን ሁለት ፍርዶች የሚጠቅስ ሁሉ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ሽቶው በእርግጥ የኮቲ፣ ካንዴላውም በእርግጥ የቻምፒዮን ሥራ ነበር። ማስተባበያው የተጨመረው ስለ እውነተኛው ዕቃ የቀረውን እውነት ለማሟላት ነው። የሌላ አገር ማር በሰቆጣ ስም ሲሸጥ ግን ስሙ ራሱ ሐሰት ነውና፣ ከሥሩ የሚጻፈው ቃል የሚያሟላው እውነት የለም።

ይህ ልዩነት በእንግሊዝ አገር በወይን ነጋዴዎች ክርክር ጎልቶ ታይቷል። በእስፓኝ የተጠመቀ ወይን «የእስፓኝ ሻምፓኝ» ተብሎ ይሸጥ ስለነበር የፈረንሳይ ሻምፓኝ ጠማቂዎች ተቃወሙ። ሻጩ «የእስፓኝ» የሚለውን ቃል ከፊት ለፊት፣ ለማንም በሚታይ ቦታ ጽፎ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስተባበያ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1958 የቀረበው የወንጀል ክስ አልተሳካም፤ ሻጩም በነጻ ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1960 በፍትሐ ብሔር የተፈረደው ፍርድ ግን ለጠማቂዎቹ ሆነ። ዳኛው ያሰቡት ስለ ወይን ጠጅ አዋቂው ሳይሆን፣ አልፎ አልፎ ለደስታው ቀን ሻምፓኝ ስለሚገዛው፣ ወይን ከየት እንደሚመጣ ስለማያጠናው ሰው ነበር። ከማር ገዢዎች መካከል የሚበዛው ይኸው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሾውታይም የተባለ የቴሌቪዥን ድርጅት የተወዳዳሪውን የኤችቢኦን ስም በማስታወቂያው ውስጥ በማግባቱ በተነሣው ክርክር፣ የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የማስረጃውን ሸክም በተከሳሹ ላይ አድርጓል። ማስተባበያዬ መሳሳትን ይቀንሳል የሚል ሰው መቀነሱን ራሱ ያስረዳ ማለት ነው። ይህ አቋም ለእኛም ገበያ የሚስማማ ይመስላል፤ ትርፉን የሚያገኘው ስሙን የተጠቀመው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተደረገው የዓለም የንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ በቦታ ስም ለሚጠሩ የወይንና የአልኮል መጠጦች «ዓይነት» ወይም «አምሳያ» የሚል ቃል ቢጨመርም፣ እውነተኛው የትውልድ ቦታ ቢጻፍም እንኳ የሌላውን ቦታ ስም መጠቀምን ይከለክላል። ማር ግን ከዚህ ጥብቅ ክልከላ ውስጥ አልገባም፤ ለእርሱ የሕዝቡ መሳሳት መታየት አለበት። ጠጅ የሚሆነው ማር ከወይን ያነሰ ክብር የተሰጠው ስለ ምን እንደ ሆነ ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች ቢጠየቁ መልካም ነበር።

በቡና በኩል ኢትዮጵያ የያዘችው መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ስሞቹ የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ የወል ቃላት ናቸው ብሎ ተቃወመ። ከብዙ ክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። መንግሥት በቡና ቆዪዎች ዘንድ ማብራሪያ እንዲጻፍለት አልለመነም፤ ስሙን ራሱን የእኔ ነው ብሎ ቀረበ።

ለሰቆጣ ማርም የሚበጀው ይኸው ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998 የጋራ የንግድ ምልክትን ያውቃል፤ ንብ አናቢዎችና ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው በአንድ ምልክት ሊጠቀሙ ይችላሉ። የቦታ ስም ብቻውን ቢቀርብ ክርክር ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከሥዕል ወይም ከሌላ ለይቶ ከሚያሳውቅ ቃል ጋር ማዋሐዱ የተሻለ ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ የራስን ቤት መመልከት ይገባል። ከሌላ ቦታ የመጣ ማር ሰቆጣ ላይ ተራግፎ፣ እንደገና ተጭኖ «የሰቆጣ» ተብሎ እንዲወጣ የሚያደርግ ነጋዴ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባው አሻጊ የሚለየው ማስተባበያ እንኳ ባለመጻፉ ነው። በሐቅ የተቀላቀለ ማር የሚሸጥ ደግሞ አይነቀፍም፤ ማር መቀላቀል ነውር አይደለም። ያ ሰው የራሱን ስም በትልቁ ይጻፍ፤ ሰቆጣን መጥቀስ ካስፈለገውም የድብልቁን መጠን ከስሙ እኩል በሆነ ፊደል፣ ከጠርሙሱ ፊት ለፊት ያስፍር።

ምክር ቤቱ ከመጪው የማር ቆረጣ በፊት አምራቾችንና ነጋዴዎችን ቢያወያይ፣ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል አይሆንም። ከድሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ የሚመጣው ማር ሁሉ «የሰቆጣ» ይባል? ወይስ ስሙ ለከተማይቱ ዙሪያ ብቻ ተለይቶ ሌላው «የዋግ ማር» ተብሎ ይጠራ? ይህ ሳይወሰን የሚቀርብ ማመልከቻ ተቃዋሚ ሲገጥመው የሚመልሰው አይኖረውም።