ኮፈን ቀብቶ ለገበያ ማቅረብ ያከስራል

ባሕር ዳር ላይ መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ከማሳጠብ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው። በጠጠር የተነቃቀሰውን የመኪናውን አፍንጫ ይዞ ጋራዥ ይገባል። ባትላሜራው ስቱኮ ይለጥፋል፤ ቀለም ቀቢው ኮፈኑን አዲስ ቀለም ያለብሰዋል፤ ባለቤቱም ለቀለም ያወጣውን እጥፍ አድርጎ ከገዥ እንደሚያገኘው ተማምኖ ይመለሳል። በማግስቱ ደላላ ገዥ ይዞ ይመጣል። ነገር የገባው ደላላ ሞተር ለማስነሳት አይቸኩልም። ጎንበስ ብሎ ኮፈኑን በፀሐይ አንጻር ያየዋል፤ ከፍቶ የማጠፊያውን ቡሎኖች አናት ይመረምራል፤ የጠርዙን ጎማ በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ የቀለም ብናኝ ይፈልጋል። ከዚያ ቀና ብሎ «ወንዛዬ፣ ይቺማ ፊቷ ተነክታለች» ይላል። ከዚህች ቃል በኋላ ድርድሩ ቁልቁለት ነው።

ሻጩ ይምላል፣ ይገዘታል። ጠጠር እንጂ ግጭት የለም ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ማስረጃውን በገዛ ገንዘቡ በቀለም መቅበሩ ነው።

ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በኢኮኖሚክስ ትምህርት የቆየ ስም አለው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ዕውቀት አለመመጣጠን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ያገለገለ መኪና ገበያን ነበር። እ.ኤ.አ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ መስክ በሠራው ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዥው አያውቅም። የማያውቅ ገዥ ደግሞ ሁሉንም መኪና እንደ ብልሹ ቆጥሮ ዋጋ ይሰጣል። በዚህም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደህና መኪና ይዞ የቀረበ ሰው ነው። አዲስ የተቀባ ኮፈን ለገዥው «ከሥሬ አንድ ነገር አለ» ብሎ ይናገራል። ምን እንዳለ ግን አይናገርም። ገዥውም የከፋውን ገምቶ ይቀንሳል፤ ቢቀንስም አይፈረድበትም።

በአንጻሩ በጠጠር የተነቃቀሰ የፋብሪካ ቀለም ውበት ባይኖረውም ምስክርነቱ ሙሉ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ቀለም ከፀረ ዝገቱ ልባስ እስከ ላይኛው አንጸባራቂ ድረስ ተደምሮ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት የራስ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። በላዩ ሌላ ቀለም ሲደረብ ውፍረቱ ከ200 ያልፋል፤ ስቱኮ ከገባበት ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ይህን የሚለካው መሣሪያ ከእጅ ስልክ የማይበልጥ ነው። መሣሪያው የሌለው ደላላ ማግኔት ያስጠጋል፤ ማግኔትም የሌለው ላሜራውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ይሰማል። በሦስቱም መንገድ የተቀባ ኮፈን ይጋለጣል።

ጉዳዩ የመኪና አፍቃሪዎች ቅንጦት ሊመስል ይችል ነበር፤ የገበያው ሁኔታ ግን ከዚያ አውጥቶታል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች የሚከፍሉትን ታክስ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ጉልበት እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባሕር ዳር ላይ የቆመች ቪትዝ ወይም ኮሮላ እንደ ከተማ ቦታ ናት፤ ያለችው ያለችው ናት። ሞተሯ ይቀየራል፣ ጎማዋ ይቀየራል፣ ወንበሯ ይለብሳል። ፋብሪካ የቀባት ቀለም ግን አንዴ ከተነሳ ማንም ጋራዥ አይመልሰውም። የኦቨን ቀለም እንኳ የቱንም ያህል ቢያምር የፋብሪካ ተብሎ አይሸጥም።

እንግዲህ ጥያቄው ቀለሙን ከመጀመሪያው እንዴት ማዳን ይቻላል የሚለው ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ አስፋልት ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም። ሲኖትራኩ ኮረት ጭኖ ያንጠባጥባል፤ አይሱዙው ከመንገዱ ዳር ገብቶ ሲወጣ በጎማው ጥርስ ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ የተቦረቦረው አስፋልት ራሱ እየተፈረፈረ ጠጠር ይሆናል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ በኮረኮንች ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ያለበትን መናገር አያስፈልግም። የጣና ዙሪያ ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ጠንካራና ሲሰበር ስለታም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት መኪናው በግቢ ቆሞ ቀለሙ ቢተርፍም፣ ለነጋዴው ያ ትርፍ አይባልም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጠጠሩ እንዴት እንደሚመታ ነው። ከፊት ያለው ጎማ ጠጠሩን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ኋላ ያለው መኪና በራሱ ፍጥነት ሄዶ ይጋጨዋል። የምቱ ጉልበት ደግሞ የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። አንድ ጠጠር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲመታና በ70 ሲመታ የጉልበቱ ልዩነት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከጭነት መኪና ኋላ ራቅ ብሎ፣ ፍጥነት ቀንሶ መሄድ ምንም የማያስወጣ የቀለም መድን ነው። ምክሩ አሰልቺ ስለሆነ ነው የማይሠራበት።

በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የተፈተኑት የውድድር ሜዳ ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር የውድድር ትራክ የላትም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የራሱን መኪና ይዞ፣ ገንዘብ ከፍሎ ለአንድ ቀን በትራክ ላይ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው። ትራክ ከጎንደር መንገድ የጸዳ ነው፤ ሆኖም በአንድ ቀን የሚቆስለው አፍንጫ የወራት ጉዞ ሊያቆስለው ከሚችለው ሊበልጥ ይችላል። የጋለው ለስላሳ የውድድር ጎማ ያገኘውን ጠጠር ሁሉ እንደ ሙጫ ያነሳል፤ የራሱንም ቅንጥብጣቢ ይረጫል። መስመር የሳተ መኪና ከዳር ካለው ጠጠር ላይ ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ሲመለስ ያንኑ ይዘራል። ተከታዩ ደግሞ በጥቂት ሜትር ርቀት፣ በከፍተኛ ፍጥነት ከኋላ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ብዙ አይደሉም፤ ለጎንደርና ለደብረ ማርቆስ መንገድም ልክ የሚሆኑት ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው።

የመጀመሪያው የደሃው ዘዴ ነው። ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚከልሉበት የወረቀት ፕላስተር በኮፈኑ ፊት፣ በባምፐሩና በስፖኪዮዎቹ ላይ ይለጠፋል፤ ማታ ይነሳል። ደቃቁን ጠጠር ይመክታል። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ግዴታው ግን ከባድ ነው። መኪናው ታጥቦና ደርቆ ካልተለጠፈ ከሥሩ የቀረው አቧራ ራሱ ቀለሙን ይፈጨዋል። በፀሐይ ውሎ ካደረ ሙጫው ይጋገራል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በቅርቡ የተቀባ ኮፈን ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ለአንድ ቀን ጉዞ ጥሩ ነው፤ ለዘወትር ግን አይሆንም። ተለጥፎ የሚታይ መኪና መልኩ አያምርም፤ ልጆችም ይስቁበታል። ይሳቁ።

ሁለተኛው የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ጭምብል ነው፤ በአፍንጫው ላይ ይታሰራል። ይህ ለባሕር ዳር አይመከርም። ከተማዋ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት የሚወርድ ነው። ጭምብሉ ውኃና አቧራ ከሥሩ ያቁራል፤ በነፋስ ሲርገበገብ ያንን አቧራ በቀለሙ ላይ ያሻል። ከጠጠር ያዳነውን በአሸዋ ይበላዋል።

ሦስተኛው በብዙ ማስታወቂያ የሚሸጠው ሴራሚክ ነው። እዚህ ላይ ገዥው ነቃ ቢል ይበጀዋል። ሴራሚክ ልባስ የሚያንጸባርቅ፣ ውኃና ጭቃ የማያስይዝ፣ እጥበት የሚያቀል ነገር ነው። ይህ እውነት ነው። ውፍረቱ ግን አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው። በዚህ ውፍረት ባዛልት አይመከትም። «ድንጋይ አይበሳውም» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካለ የሸጠው ቃሉን ነው።

ጠጠርን በእርግጥ የሚመክተው ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም፣ በገበያው አጠራር ፒፒኤፍ፣ ነው። መነሻው ጦር ሜዳ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተር ክንፎች በአሸዋና በፍርስራሽ ሲበሉ ስሪኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክንፎቹን የሚጠብቅ ፊልም ሠራ፤ በኋላ የውድድር መኪኖች ወሰዱት፤ ከእነርሱ ወደ ተራው መኪና መጣ። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ነው፤ ከፋብሪካ ቀለሙ የሚወፍር ማለት ነው። ስለሚለጠጥ የምቱን ጉልበት ይውጠዋል። ደህናው ዓይነት ቀላል ጭረት ሲያገኘው በፀሐይ ሙቀት ራሱን ይሞላል። ርካሹ ፕላስቲክ ግን ይበጫል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲነሳም እየተቆራረጠ ሙጫውን ትቶ ይሄዳል።

ዋጋውስ? የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለውን ዋጋ ነጋዴው ያውቀዋል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው አይሆንም። በሒሳብ መነጋገር ይሻላል። ለምሳሌ ያህል መኪናው 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ፊቱ የተነካ በመሆኑ ገዥ 5 በመቶ ይቀንሳል እንበል። ቅናሹ 100 ሺህ ብር ነው። ባለቤቱ ፊልም ለማስለጠፍ ከዚህ የሚበልጥ ከተጠየቀ ይተወው። ከዚህ በእጅጉ የሚያንስ ከሆነና መኪናው በየሳምንቱ ጎንደር የሚመላለስ ከሆነ ያስለጥፍ፤ እሱም ቢሆን ሙሉ ገላዋን ማልበስ አያስፈልገውም። ጠጠር የሚመታው የኮፈኑን የፊት ሲሶ፣ ባምፐሩን፣ የፓራፋንጎዎቹን ጫፍ፣ የፊት መብራቱንና ስፖኪዮዎቹን ነው። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሐይቁ ዳር ከባጃጅ ጋር እየተጋፋች የምትውል የከተማ መኪና ግን ፊልም አያስፈልጋትም። በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ለማቋረጥ የሄሊኮፕተር ትጥቅ መልበስ ገንዘብ ማባከን ነው።

ነፍሳትም መረሳት የለባቸውም። የፎገራን የሩዝ ማሳ አቋርጦ ማታ ባሕር ዳር የሚገባ መኪና አፍንጫው በትንኝ ይሸፈናል። የትንኝ ቅሪት በፀሐይ ሲደርቅ አንጸባራቂውን ልባስ ይበላል። በማግስቱ ጠዋት እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ማራስና ማጠብ ይበቃል፤ በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ግን ከትንኙ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ጠጠሩ ከመታ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ግን መዘግየት የለበትም። ቁስሉ ላሜራው ድረስ ከዘለቀ ክረምት ሳይገባ ይደፈን። የሚደፈነው ነጥቡ ብቻ ነው፤ ኮፈኑ አይነካም። በቶዮታ መኪኖች ላይ የቀለሙ ቁጥር በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ቋሚ ላይ ባለው ሰሌዳ ተጽፏል፤ 040 የሚለው ነጭ ነው፣ 1ኤፍ7 የሚለው ብርማ። በዚያ ቁጥር የተበጠበጠ ጥቂት ቀለም በቀጭን ብሩሽ ወይም በክብሪት እንጨት ጫፍ ይደረጋል። ነጥቡ ይታያል፤ ይታይ። ዝገቱ ቆሟል፣ የፋብሪካው ቀለምም በዙሪያው አለ። የባምፐር ነገር ግን ይለያል። ፕላስቲክ በመሆኑ አይዝግም፤ በመቆሚያ ቦታ ሁሉ ስለሚፈተግም ቢቀባ ገበያው ይቅር ይለዋል። ይቅር የማይባለው ኮፈንና ፓራፋንጎ ነው።

ለደላሎችም አንድ ነገር ይነገር። አሁን እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ኮፈናቸው አልሙኒየም የሆነ ሞዴሎች አሉ። አልሙኒየም ማግኔት አይዝም። ማግኔቱ ሲወድቅ «ስቱኮ ሞልቶበታል» ብሎ መፍረድ የሰው ንብረት በከንቱ ማርከስ ነው፤ በዚህም ሻጭና ገዥ ሲለያዩ ኮሚሽኑ አብሮ ይሄዳል። አልሙኒየምን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ዕቁብ ለሚጥሉ አምስት ስድስት ደላሎች በጋራ ቢገዙት አይከብድም።

ኮፈኑ ከመቀባት በቀር መድኃኒት ያጣ ባለቤትም አለ። ይቀባ፤ ነገር ግን ጋራዥ ከመግባቱ በፊት የተነቃቀሰው አፍንጫ በፀሐይ ብርሃን ከቅርብና ከሩቅ ፎቶ ይነሳ፤ ሰሌዳ ቁጥሩ አብሮ ይታይ። ቀለሙ ተነስቶ ላሜራው ባዶ ሲሆንም፣ ያልታጠፈና ስቱኮ ያልነካው መሆኑ እንዲታይ፣ ድጋሚ ይነሳ። ፎቶዎቹ ከጋራዡ ደረሰኝ ጋር ከሊብሬው ፖስታ ውስጥ ይቀመጡ፤ ደላላው ጎንበስ ከማለቱ በፊትም ይውጡ።