ድስት ጥዶ መውጣት ስንፍና አይደለም

ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ባለሙያ የምትባል ሴት ወጧ ስለጣመ ብቻ አትመሰገንም፤ ከምድጃዋ ሥር ባለመጥፋቷም ነው። «ድስቷን ጥዳ ትዞራለች» የተባለችማ ወጧ ምን ቢጣፍጥ ስሟ በደህና አይነሳም። እኔ ነፋስ መውጫ ተወልጄ እስቴ ያገባሁ፣ ዕድሜዬን በመምህርነት የጨረስኩ ሴት ነኝና ይህን ወግ ከእናቴም ከአማቴም ወገን ጠግቤ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ የምሟገተው ከእሱ ጋር ነው። የወጥ ሙያው ያለው ቁሌቱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ለዕቃ ሊተው የሚችል ሥራ ነው። ዕቃውም አለ።

ስሎው ኩከር ይባላል፤ በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ከውጭ የብረት ቅርፊት፣ ከውስጥ ወጥቶ የሚታጠብ የሸክላ ድስት፣ ከላይ ብዙ ጊዜ የመስታወት ክዳን አለው። የማሞቂያው ሽቦ የሸክላውን ጎን ዙሪያውን ስለሚያቅፍ ከሥር የሚያሳርር ኃይለኛ ሙቀት የለም። ማዞሪያው ላይ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና ሞቅ አድርጎ ማቆያ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ በቃ፣ ሌላ የሚጠና ነገር የለውም። አብዛኛው ከ200 እስከ 300 ዋት ይስባል። የእንጀራ ምጣዳችን ከ3,000 ዋት በላይ ነውና ይህ ድስት ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢጣድ የሚወስደው መብራት ምጣድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚፈጀውን ያህል ነው።

የፈጠረው ኧርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እናቱ ትውልዳቸው ከሊቱዌንያዋ ቪልና የሆነ አይሁዳዊት ነበሩ። በአያቱ ዘመን አርብ ማታ የባቄላና የሥጋ ድስት ወደ ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይላክ እንደነበር፣ ምድጃው ከጠፋም በኋላ በተረፈው ሙቀት ሲበስል አድሮ ለቅዳሜ ማዕድ እንደሚደርስ እናቱ አጫወቱት። በሰንበት እሳት አይነካማ! ናክሰን ይህንኑ በኤሌክትሪክ አድርጎ በ1940 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሪቫል የተባለ ኩባንያ በ1970 ገዛውና በዓመቱ «ክሮክ ፖት» ብሎ ገበያ ላይ አዋለው፤ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች በበዙበት ዘመን ነበርና ተቸበቸበ። የጎንደር ሰው ይህን ሲሰማ ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቹን ሳያስታውስ አይቀርም፤ እነሱም ቅዳሜ እሳት አያነዱም ነበር። እንግዲህ ድስትን ለራሱ መተው ሰንበት ከሚያከብሩ ቤቶች የወጣ ልማድ ነው፤ ሰነፍ አልፈለሰፈውም።

የእኛ ጉዳይ ግን ከሰንበት ይልቅ ከጉና ጋር ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ መውጫ ራሷ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውኃው እየተንተከተከ ሙቀቱ 90 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢማግዱበት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ አይብስም። ላይ ጋይንት ባቄላ ቀቅላ የማታውቅ ሴት የለችም፤ «አልበስል ብሎ አንገበገበኝ» ያላለችም የለችም። ሰው በዘሩና በውኃው ያሳብባል፤ ያረጀ ባቄላ በእርግጥ ያስቸግራል፣ ዋናው ተጠያቂ ግን የአየሩ መሳሳት ነው። ያንኑ ባቄላ ስማዳ ውስጥ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ወስደው ቢጥዱት ቀድሞ ይፈርሳል።

ደጋ ላይ ጥራጥሬን የሚያበስለው ጊዜ ነው። ጊዜውን ደግሞ በምን ስንገዛ ኖርን? በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል። ኩበቱ ማሳው ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ይሆን ነበር፤ ቅጠሉ ደግሞ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስና በካይ አየር ሰበብ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። «ከምድጃዋ ሥር አትጠፋም» የሚለውን ምስጋና ከዚህ ቁጥር ጋር አጣምሬ ስሰማው ደስ አይለኝም።

ፕሬዠር ኩከርስ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ እንፋሎቱን አምቆ ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርግ ለደጋ ባቄላ እሱን የሚያህል የለም፤ ለችኮላ ቀን እሱን ግዙ። ሲጮህ የሚሰማው፣ እሳቱን የሚቀንስለት ሰው ግን ይፈልጋል። የእኔ ጥያቄ ቤት ውስጥ ሰው በማይኖርበት ቀን ምን ይበላል ነው። ዐቢይ ጾምን አስቡ። የጾመች ሴት ጠዋት ልጆቿን ትሸኛለች፣ ሥራ ያላት ሥራ ትሄዳለች፣ የቻለች ቅዳሴ ትቆማለች፤ 9 ሰዓት ላይ ደክሟት ስትገባ ነው ምድጃ የምትለኩሰው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተጣደ ድስት በ9 ሰዓት ስምንት ሰዓት ሞልቶታል። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር፣ ያውም ማዕዱ ሁሉ ጥራጥሬ በሆነበት፣ ይህ ዕቃ ለእኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ለጀማሪ የምመክረው በወጥ እንዳይጀምር ነው። በጉልባን ይጀምር። የተፈተገ ስንዴና የባቄላ ክክ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ማታ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ እህሉን ከድስቱ ግማሽ እስኪያልፍ መጨመር፤ ከእህሉ በላይ ሁለት ጣት ያህል የፈላ ውኃ ማፍሰስ፤ ማዞሪያውን ከፍተኛው ላይ አድርጎ መሄድ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬው ሳይለሰልስ ከገባ ያደነድነዋል። ክዳኑን ደጋግሞ መክፈት የእኛ ሰው አመል ነው፤ «ምን ደረሰ?» ብለው በከፈቱት ቁጥር ሃያ ሠላሳ ደቂቃ የሚጨምር ሙቀት ይወጣል። ከዕቃው ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ደግሞ እንዳለ አትመኑት፤ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። ለወጥና ለሥጋ ግማሹን ጨምሩበት፣ ለጥራጥሬ እጥፉን። አራት ሰዓት የሚል ከሆነ ነፋስ መውጫ ላይ ስምንት ነው።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አይታለፍም። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ስሎው ኩከር ውስጥ አይገባም። ውስጡ ሆድ የሚያገላብጥ፣ ክፉኛ የሚያስመልስ መርዝ አለው፤ የሚጠፋው በፈላ ውኃ ብቻ ነው። ለብ ባለ ሙቀት መቆየት መርዙን ይብስ ያነሳሳዋል። ዘፍዝፎ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ በሌላ ምድጃ ላይ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ እያፍለቀለቁ ከቀቀሉ በኋላ ነው ወደዚህ ድስት የሚዛወረው።

ወደ ወጡ ስንመጣ፣ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት የጠየቁኝን ልንገራችሁ። ዕቃውን አዙረው አዙረው አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቁሌቱንም እሱ ነው የሚያቁላላልሽ?» አሉኝ። «የለም እትዬ፣ ቁሌቱ የኔ ነው» አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ደህና» ብለው ተቀመጡ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከምሁርም አልሰማሁም። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት በደረቁ እየተማሰለ የራሱን ውኃ እስኪመጥ ይቁላላል። ዘይቱ ይከተላል፣ በርበሬው ይከተላል፤ ከሥር ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው የበርበሬ ሽታ እስኪጠፋ ማማሰያው ከእጅ አይወርድም። እዚህ ዓይንም አፍንጫም ያስፈልጋል። ስሎው ኩከር ክዳኑ እንፋሎት ስለማያስወጣ ሽንኩርቱን ይቀቅለዋል እንጂ አያቁላላውም፤ ሁሉን ጥሬውን ጨምራችሁ ከሄዳችሁ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁ ቀይ ውኃ ነው።

አሜሪካ ያሉ ሴቶቻችን ለዚህም ዘዴ አበጅተውለታል። የተከተፈውን ሽንኩርት ሌሊቱን በዚህ ድስት ያሳድሩታል፣ ጠዋት ወደ ምድጃ አዛውረው ውኃውን አስመጥጠው በርበሬውን ያስከትላሉ። ቅቤም ያነጥሩበታል፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ በዝግታ ይገባበታል፤ ማረር የለም። እኔ ግን ቁሌቱን በምድጃ ጨርሼ ማዛወሩን እመርጣለሁ። ከዚያ ዶሮዋ ትገባለች። የሀበሻ ዶሮ መሆን አለባት፤ ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ ብትቆይ ያምርባታል። የፈረንጅ ዶሮ ከአጥንቱ ተላቆ ይበተናል። የፋርጣ በግ ቅልጥምና ጎድንም እንዲሁ ነው፤ ሲቆይ ነው የሚጥመው። ውኃውን ከወትሮው ቀንሱ፤ አይተንማ። እንቁላሉ ለመጨረሻ። በረዶ የሆነ ሥጋ አይጨመርም፤ የቀዘቀዘ ወጥም በዚህ አይሞቅም፤ ዝግታው ሥጋውን ለብ ባለው ሙቀት ላይ አቆይቶ ያበላሸዋል።

ስለ መብራት ሳልናገር ብቀር ያገሬ ሰው ይስቅብኛል። ጠዋት ጥዳችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ ድስቱ ቀዝቅዞ፣ መብራቱ መቼ እንደሄደ የሚነግራችሁ ከሌለ፣ ሥጋ ያለበትን አትብሉት። ባይሸትም አትብሉት። ስለዚህ መብራት የማይታመንበት ሰፈር ያለ ሰው ሥጋውን ቤት ውስጥ ለሚውልበት ቀን ያቆየው። ከውጭ ዘመድ ሲያመጣ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ መሥመር 220። እንዳለ ከተሰካ ከታሰበለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስብና ይቃጠላል፣ ከበረታም ቤት ያቃጥላል። ማስተካከያ ትራንስፎርመር ካልተገኘ ይቅር። ከዱባይና ከቤሩት እህቶቻችን የሚልኩት ይህ ችግር የለበትም። የሸክላው ድስት ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል፤ መለዋወጫ አይገኝለትም።

ይህ ሁሉ ቆጣሪ ላለው ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከወገዳ ትንሽ ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ የምትኖረዋ ሴት በስሎው ኩከር ላይ የተጻፈ ምክር ምን ያደርግላታል? እንጀራዋንም አይጋግርላትም፤ አብዛኛው ማገዶ የሚያልቀው ደግሞ እዚያ ነው። ቢሆንም የናክሰን አያት መብራት አልነበራቸውም። የዕቃው ምሥጢር የተያዘ ሙቀት ነው፤ ሙቀት ለመያዝ ደግሞ ጭድ ይበቃል። በአንደኛውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማገዶ የተቸገሩ አውሮፓውያን ድስቱን አፍልተው ድርቆሽ በሞላ ሣጥን ውስጥ እየቀበሩ ያበስሉ ነበር። እኛ ዘንድ የጤፍ ጭድ አለ። ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ከሥርም ከጎንም ስንዝር የሚያህል ጭድ ጠቅጥቆ፣ ለድስቱ ልክ ጎድጓዳ ሠርቶ፣ አድሮ የተዘፈዘፈውን ባቄላ ሃያ ደቂቃ ያህል አንተክትኮ ክዳኑን ሳይከፍቱ እዚያ መክተት፤ ከላይ በጭድ የተሞላ ከረጢት መጫንና በአሮጌ ጋቢ መጀቦን ነው። ድስቱ ሙሉ ይሁን፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። እኛ የምንነሳው ከ90 ዲግሪ ስለሆነ አንዴ ላይበቃው ይችላል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ አውጥቶ ዳግመኛ አንተክትኮ መመለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ይነድ የነበረው እሳት ሁለት አጭር እሳት ይሆናል። ሥጋ ግን በዚህ አይሞከር።

ለዚህ የሚሆነው ድስት ወገቡ የሰፋ፣ አፉ የጠበበ፣ ክዳኑ ልክክ ብሎ የሚገጥም ወፍራም ሸክላ ነው። ሸክላ ሠሪዎቻችን ናሙና ቢሰጣቸው አንድ ሳምንት አይፈጅባቸውም፤ ከማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎቹ መካከል ስንቱን ሸክላ ሠሪ ሠርቶ አከፋፍሎት የለ! ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጦ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ ላስጎተተ አገር የጭድ ቅርጫት ምኑ ይከብዳል። የጎደለው መለካት ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ባቄላ፣ አንድ ዓይነት ድስትና ቴርሞሜትር ይዘው ከጉና ሥር፣ ከአርብ ገበያና ከስማዳ ቆላ ቢሞክሩት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። ውጤቱም ስንት ደቂቃ እሳት፣ ስንት ሰዓት ጭድ ተብሎ በአንድ ገጽ ይጻፍና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይታደል። ለየወረዳው ለየብቻ ይሁን፤ ለወገዳ የተለካው ሰዓት ነፋስ መውጫ ላይ ጥሬ ባቄላ ነው የሚያበላው።