የመድኃኒት ቤቱ ሥራ በምን ይሰፈራል?

ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ መስኮት አለ። ካርድ ወጥቶ፥ ሐኪም ታይቶ፥ ደም ተመርምሮ ካለቀ በኋላ የቀኑ ድካም ሁሉ የሚሰበሰበው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ነው። ከመስኮቱ ወዲህ ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች፤ ከመስኮቱ ወዲያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ጧት አንድ፥ ማታ አንድ» ብሎ ቀጣዩን የሚጠራ ሠራተኛ አለ። እናቲቱ ትቈጣዋለች፤ እኛም ብዙ ጊዜ ከእርሷ ጋራ ሆነን ተቈጥተናል። ዛሬ ግን በዚህ ዓምድ ልንጠይቅ ያሰብነው፥ ያ ሠራተኛ የስንት ሰው ሥራ ብቻውን እንደሚሠራ ማን ቈጥሮ ያውቃል ብለን ነው።

ለዚህ ከመተማ ማዶ ያለውን የገዳሪፍን አገር በምሳሌነት መርጠናል። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። መኸር በደረሰ ጊዜ የቀን ሠራተኛው ከሱዳን ልዩ ልዩ አውራጃዎችም ከእኛም አገር ይጐርፍበታል፤ ወባም የሚበረታው በዚያው ወራት ነው። ዐረብኛ፥ ሐውሳ፥ አማርኛና ትግርኛ የሚናገረው ሁሉ በአንድ ሰልፍ ሲቆም፥ ለአንዱ በደቂቃ የሚነገረው ለሌላው አስተርጓሚ እስኪገኝ ይቆያል።

የመለካቱ ዘዴ ከባድ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ በአጭሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ አንድ ሠራተኛ ፈቃዱ፥ በዓላቱና ሕመሙ ተቀንሶ በዓመት ስንት ሰዓት በሥራ ላይ እንደሚገኝ ይታሰባል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራ በደንብ ሲሠራ የሚፈጀው ጊዜ ይወሰናል፤ ከዚያም የሥራው ጠቅላላ ጊዜ ለአንድ ሰው ጊዜ ይካፈላል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሥራ፥ ይኸውም ዕቃ ቈጠራውና የወር ሪፖርቱ፥ ለብቻው ይታሰባል።

እስቲ በግምት ቍጥር እንሞክረው። አንድ ሠራተኛ በዓመት 220 ቀን፥ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 8,800 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። ለአንድ ማዘዣ 5 ደቂቃ እንስጥ። በዘጠኙ ወራት በየወሩ 2,000፥ በሦስቱ የመኸር ወራት ደግሞ በየወሩ 6,000 ማዘዣ ቢመጣ፥ የዓመቱ አማካይ በወር 3,000 ይሆናል፤ ለዚህም ሁለት ሰው ይበቃል። በመኸር ወራት ግን ሥራው 30,000 ደቂቃ ስለሚሆን ሦስት ተኩል ሰው ይጠይቃል። ያሉት ሁለቱ ብቻ እንደ ሆኑ ለአንድ በሽተኛ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያ ዓይኑን የማያነሣው ሰው የተፈጠረው በዚህ ሒሳብ ነው። የቤት እመቤት ይህን ሳይነገራት ታውቀዋለች፤ የዓመቱን እንጀራ በቀን አካፍላ ለፋሲካ የምትጋግር የለችም።

ማዘዣውም ሁሉ እኩል አይደለም። ካላዛርን እንውሰድ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፥ ዝንቡ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ጥላ ሥር ስለሚኖር ሜዳ ላይ የሚያድረውን የእርሻ ሠራተኛና እረኛ ይነድፋል። ገዳሪፍ፥ መተማና ሑመራ ከዚህ በሽታ ጋራ የኖሩ አገሮች ናቸው። ለብዙ ጊዜ የተሠራበት ሕክምና ለ17 ቀን በየቀኑ በሁለት ዓይነት መርፌ የሚሰጥ ነው፤ አንደኛው ለአንድ ኪሎ ክብደት 20፥ ሁለተኛው 15 ሚሊግራም ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከመጀመሪያው 240፥ ከሁለተኛው 180 ይታሰብለታል ማለት ነው። ማዘዣ ብቻ ለሚቈጥር መዝገብ ይህ ሁሉ «አንድ» ተብሎ ይጻፋል፤ የራስ ምታት ክኒንም እንዲሁ «አንድ» ነው። በዚያ ላይ ካላዛር ከተነደፉ በኋላ ወራት ቆይቶ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ጸጥ ያለ ነው በተባለው ወር ሥራ ይዞ ይመጣል።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ በሐምዳይትና በሌሎች በሮች ሲሻገር፥ በጥቂት ሳምንታት ከ40,000 በላይ ነፍስ ምሥራቅ ሱዳን ገባ፤ ኡም ራኩባም መጠለያ ሆነች። ወሩ የሰሊጥ ወር መሆኑን ልብ ይሏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፥ በታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ፥ በሰኔ 2016 ሲንጃ ሲያዙ፥ ገዳሪፍ ደግሞ የሱዳናውያን ተፈናቃዮች ማረፊያ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገብ የሚያውቀው የተስተናገደውን ብቻ ነው። ከሰልፉ ተስፋ ቈርጦ የተመለሰው አይጻፍም፤ ስለዚህ ሠራተኛ ባነሰ መጠን ሥራውም ያነሰ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ከስሌቱ ስሕተት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ በመስኮቱ ዘግቶ የተመለሰውን ሰው ለመቍጠር ግን በሩ ላይ እርሳስ የያዘ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን ማቆም ይበቃል።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተጀመረ ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የተባለው አሠራር (ስሙ ከሰልፉ ይረዝማል) ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛምቷል። ዋና ምክንያቱ የመድኃኒቱና የገንዘቡ ሒሳብ ይሁን እንጂ፥ ሠራተኛን በሥራው ብዛት መመደብም ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። ይህ መዝገብ በመተማ በወር በወሩ ተለይቶ ቢነበብ፥ ለመስከረም የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ሰው በሰኔ ለመጠየቅ ይቻላል፤ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የሚፈጀውን ጊዜ እኛም አንባብያንም እናውቀዋለን።